ተቀመጡ ያላልኳቸው ሽማግሌዎች

በየሁለት ሰዓቱ እገለበጣለሁ። ቂጣ እንኳ የሚገለበጠው አንዴ ነው። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ጀርባ ስገለበጥ ኖሬ እስካሁን አልበሰልኩም። ይህን ቀልድ በመጀመሪያው ዓመት ለእህቴ ነግሬያት ስቃ ነበር። አሁን ብነግራት የምትስቅ አይመስለኝም፤ እኔም ለመንገር ደክሞኛል።

የምትገለብጠኝ እሷ ናት። አንድ እጇን ከትከሻዬ፣ አንዱን ከዳሌዬ ሥር አስገብታ ትንፋሿን ትይዝና «እሺ» ትላለች። ሌላ ቃል የለም። «እሺ» ስትል፣ ግድግዳ ሳይ የቆየሁት ሰውዬ በር አያለሁ። በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ከደጃችን ፊት ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው አስፋልት አለ፤ ከአስፋልቱ ማዶ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚተኛበት ተራራ። የጭሮ ሰው ተራራውን ቀና ብሎ አያየውም፤ ሥራ አለበት። እኔ ሌላ ምን ላይ!

ካልተገለበጥኩ ሥጋዬ ይቆስላል። የአልጋ ቁስል ያላየ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። አንድ ጊዜ እህቴ ታምማ ሁለት ቀን ስትተኛ የጀመረኝ ቁስል ሰባት ወር ፈጅቶ ነው የዳነው። ስለዚህ በእሷ እጅ ነው የምኖረው ስል እሷን ለማሞገስ አይደለም፤ ነገሩ እንደዚያው ነው።

የእኔን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁና እንገላገል። መቻራ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ጭሮ እናቴ ቤት ልመጣ ብዬ ቡና የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፈርኩ፤ ከኬሻው በላይ። ያኔ ከኬሻ በላይ የማይሳፈር ማን ነበር? ጋቢና ለሴትና ለሽማግሌ ነው። አንድ ኩርባ ላይ መኪናው ዘመም አለ፣ እኔ ወደቅሁ፣ ኬሻው ተከተለኝ። አለቀ። ሰው ግን ታሪክ ይፈልጋል። «ምነው፣ የዚያን ለት ሕልም አላየህም ነበር?» ይለኛል። ኧረ ምንም አላየሁም! ቡና ነው የወደቀብኝ።

ከደረቴ በታች ያለው አካሌ የእኔ መሆኑን የማውቀው በዓይኔ ሳየው ነው። እጆቼ ከክርን ይታጠፋሉ፤ ጣቶቼ ግን እንቢ ብለዋል። ሽንቴ በላስቲክ ቱቦ ይወርዳል። ይህን የምጽፈው እርሳስ በቀኝ መዳፌ ላይ በፋሻ አሳስሬ፣ ፊደል በፊደል ነው። እንግዲህ ቢረዝምባችሁ አትማረሩ፤ የደከምኩት እኔ ነኝ።

ያኔ እህቴ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች። «ለአንድ መንፈቅ ነው» ብላ አቋርጣ መጣች። አባታችን ቀድሞ አርፎ ነበር፤ እናታችንም ከአራት ዓመት በኋላ ተከተለችው። በዚህ ዓይነት የቤቱ ታላቅ፣ የቤቱ ወንድ፣ የእህቱ አሳዳሪ የምባለው እኔ ሆንኩ። ማን ማንን እንደሚያሳድር ግን ቤቱ ያውቃል።

እንግዳ ሲመጣ የሚያነጋግረው እሷን ነው። እኔ መሐላቸው ተጋድሜ፣ በላዬ ላይ ያወራሉ። «እንዴት ነው? ይበላል?» ይሏታል። «ይበላል፤ ይሰማልም» እላለሁ እኔ። ይደነግጣሉ። አንዳንዱ ደግሞ አጎንብሶ፣ ለሕፃን በሚያወሩበት ድምፅ «አይዞህ እሺ» ይለኛል። እኔ እኮ የእሱን ልጅ ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ! በዚህ ነገር ክፉ ቁጡ ሆኛለሁ። መቆጣት ብቻ ነው ሰው ሳይረዳኝ የምሠራው ሥራ።

ሌላ ሥራ አለኝ፤ ለእሱ ግን ስልክ ያስፈልጋል። አጀማመሩ እንዲህ ነው። ያ ቁስል በበረታ ጊዜ እዚሁ ሆስፒታል ተኝቼ፣ ከአጠገቤ ከቦኬ የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሐኪሙ ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛ አይችልም። አሮጊቷ አማርኛ አይችሉም። እሱ «የት ጋ ያምዎታል?» ይላል፣ እሳቸው ስለ ላማቸው ይነግሩታል። ትዕግሥቴ አለቀና ከአልጋዬ ሆኜ ማስተርጎም ጀመርኩ። እንደ ጭሮ ልጅ ሁሉ ኦሮምኛን የቻልኩት መንገድ ላይ ኳስ ስራገጥ ነው። ሐኪሙ ስወጣ ስልክ ቁጥሬን ተቀበለኝ። እሱ ለነርሶቹ ሰጠ፣ ነርሶቹ ለጓደኞቻቸው። ትንሽ ቆይቶ ከመሰላ፣ ከቦኬ፣ ከመቻራ ጤና ጣቢያ ይደወልልኝ ጀመር።

ባለቁልፍ ስልክ ናት፤ ትራሴ አጠገብ በእንጨት ማቆሚያ ላይ ትቀመጣለች። ስትጮህ እህቴ ካለችበት ሮጣ መጥታ ትነካታለች፤ ድምፁ ሁልጊዜ ከፍ እንዳለ ነው፤ ሲርቅብኝ አንሥታ ወደ ጆሮዬ ትይዝልኛለች። በእርሳሴ ራሴ ላንሣ ብዬ የሞከርኩባቸው ጊዜያት አሉ። ስነጣጥር፣ ስስት፣ ጥሪው ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ተውኩት፤ እሷም ለገበያና ለወፍጮ ካልሆነ ከስልኳ ርቃ አትሄድም።

ከበሽተኞቹ አንዱም ፊቴን አያውቀውም። «አባ ቢልቢላ» ይሉኛል፤ የስልኩ ሰውዬ እንደማለት ነው። ሲጀምሩም ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፦ «አባ ቢልቢላ፣ ጂርታ?» አለህ ወይ? «ጂራ» እላለሁ፤ አለሁ። ከዚያ ወዲያ ያወሩልኛል። ለሐኪም የማይሉትን፣ ለባል የማይሉትን፣ ለእኔ ይሉኛል፤ አልታያቸውማ። አንዲት ሴት አንድ ቀን ጠይቃኝ ታውቃለች፤ «ይህን ያህል የሰው ጭንቅ እየሰማህ ምነው አንድ ቀን እንኳ መጥተህ አላየኸን?» አለችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት። እውነቴን ነው፤ በዝቶብኝ ነበር።

የመቻራው ነርስ የመጣው በዚህ ስልክ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ጭምት ልጅ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ጋሼ፣ አንዴ ብቻ» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ። አንዴ ብቻ ያለው በቀን አምስት ጊዜ ሆነ። ብልህ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ኦሮምኛውን ለመደው። መደወሉን ግን አላቆመም።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋልክ?»

«ደህና። በሽተኛውን ስጠኝ።»

«አሁን ወጣ፣ ጋሼ።»

ወይ ጉድ! በሽተኛ የሌለበት ጥሪ በዛ። ስልኳን የምታነሣው እህቴ ናት። ከእኔ ጋር ሁለት ቃል፣ ከእሷ ጋር ሃያ። እሷም ስልኳን ነቅላ እየያዘች ወደ ጓዳ መግባት ጀመረች። አስተዋልኩ፤ ዝም አልኩ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ቤታችን ጎራ አለ። በአየር የሚነፋ ፍራሽ ይዞልኝ ነበር፤ ለቁስል እንዲረዳኝ። ሊዘረጋልኝ ሲል «ጋሼ፣ ላነሣህ ነው» አለኝና ጠበቀ። እሺ እስክለው ጠበቀኝ! ይህን ሁሉ ዓመት ስነሣና ስቀመጥ ፈቃዴን የጠየቀኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። ልጠላው ፈልጌ ነበር፤ የዚያን ለት ማታ ፍራሹ ላይ ተመችቶኝ ተኝቼ፣ አቃተኝ።

በጥቅምት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ፊት ፊት ጎረቤታችን ሐጂ፤ ጨርቅ ሻጭ ናቸው፤ ከአደጋው በኋላ ከመኪና ተቀብለው ወደዚህ ቤት ካስገቡኝ ሰዎች አንዱ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከሱቃቸው እስከ መስጊዱ ሁለት ቦታ ሳያርፉ አይደርሱም። ከእሳቸው ቀጥሎ የደብሩ መሪጌታ። ሦስተኛው አብረውኝ ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መምህር። የመቻራው ነርስ ወላጆች ሩቅ ናቸው፤ ልጁ ከከተማው ሰው መርጦ ነው የላከው። ለምን እንደመጡ ከጋቢው አነጣጥ አወቅሁ። እህቴ ጓዳ ገባች።

እንግዲህ ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ አይቀመጥም። ባለቤቱ «ተቀመጡ» ይላል፤ እነሱ «የለም፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። ባለቤቱ ይለምናል፣ እነሱ እንቢ ይላሉ። ቆመው ይናገራሉ። ባለቤቱ ልቡ ሲፈቅድ «በሉ እንግዲህ ተቀመጡ» ካለ፣ ነገሩ ያኔ አለቀ ማለት ነው። አባቴ ፊት ሽማግሌ እንዲህ ሲቆም በልጅነቴ አይቻለሁ፤ የአክስቴ ልጅ የተጠየቀች ጊዜ። አባቴ እንዴት እንደተቀመጠ፣ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን ይዞ ፊቱ እንዴት እንደቆመ አልረሳውም።

አልደብቃችሁም፤ ጎምዥቼ ነበር። ለአንድ ቀን እንኳ ሰው ፊቴ ቆሞ ይለምነኛል፤ ከእህቴ ጋር በላዬ ላይ ሳይሆን ከእኔ ጋር ያወራል ብዬ ቃሌን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ።

ሐጂ ሰላምታ ሰጡኝና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ወንበሩ ሲሚንቶው ላይ ሲንቋረር ጥርሴን አፋጨሁ። መሪጌታ አዩአቸው፤ ትንሽ አመነቱና እሳቸውም ተቀመጡ። መምህሩም ተከተሉ። ሦስቱም ወደ አልጋዬ ጠጋ አሉ፤ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው። መምህሩ ጉሮሮአቸውን ጠራርገው «የመጣንበት ጉዳይ…» ሲሉ አቋረጥኳቸው።

«አባቴ ቢሆን ኖሮ ትቀመጡ ነበር?»

ጓዳ ውስጥ እህቴ ሰሃን ስታቀራርብ ይሰማ የነበረው ድምፅ ቆመ።

«ቆማችሁ ያልጠየቃችኋትን ልጅ ተቀምጣችሁ አትወስዱም። በሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

መሪጌታ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሐጂ ክንዳቸውን ያዙአቸው። ወንበራቸውን ተደግፈው በመከራ ተነሡና «አፉ በለን፣ ይቅር በለን» ብለው ወጡ። ሁለቱም ተከተሉአቸው። አስፋልቱን ሲሻገሩ በበሩ አያቸው ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ለሩብ ሰዓት ያህል እንደ አባቴ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር የረዘመ ወር ነው። እህቴ ምንም አላለችም። በሰዓቱ ትመጣለች፣ እጇን ታስገባለች፣ «እሺ» ትላለች፣ ትገለብጠኛለች። ገላዬን ታጥባለች፣ ቱቦውን ትቀይራለች፣ ታጎርሰኛለች። እጇ አልከበደም፤ ቢከብድ ይሻለኝ ነበር። ከጓዳ የሚሰማኝ ሳቅ ግን ጠፋ፤ ለካስ ስልክ ይዛ ስትገባ ትስቅ ነበር። ከመቻራም መደወል ቆመ። የቦኬና የመሰላ ሰዎች ይደውላሉ፤ የመቻራው ጸጥ።

አንድ ቀን ከመቻራ ጤና ጣቢያ አንዲት አዲስ አዋላጅ ደወለች፤ እሷም ከሌላ አገር የተመደበች ናት። አንዲት እናት መድኃኒቱን እንዴት እንደምትወስድ ነርሱ በሌለበት በእጅ ምልክት ነግረዋት፣ አሁን ተመልሳ መጥታለች፤ አዋላጇ አሳስተናት ይሆን ብላ ፈርታ ነው። አስተረጎምኩላት። ሴትዮዋ የሦስት ቀኑን በአንድ ቀን ልትጨርሰው ነበር።

«ምነው ያን ለት አልደወላችሁልኝም?» አልኳት ተቆጥቼ።

«ነርሱ ‹ጋሼን አታስቸግሩት› ብሎን ነው» አለች።

እውነቱን እዚህ ላይ ካልተናገርኩ የት ልናገረው ነው? የሽማግሌዎቹ መቀመጥ ሰበብ ነበር። የሐጂ ወንበር ባይንቋረር ሌላ ነገር አላጣም ነበር፤ አገሩ ሩቅ ነው እል ነበር፣ ዘሩን እናጣራ እል ነበር፣ ቀጠሮ እሰጥ ነበር፣ ቀጠሮውን በቀጠሮ እገፋው ነበር። ንቀው ተቀመጡብኝ ብዬ የተቆጣሁት ቁጣ እውነት ነው፤ ግን ከሥሩ የተኛው ፍርሃት ነው። እሷ መቻራ ከሄደች ማን ነው የሚገለብጠኝ? ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ሞት ፈራሁ። ሞት ብቻ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር፤ ቁስሉን፣ ሽታውን፣ ሌላ ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያየኝ ፈራሁ።

ይህን ለራሴ ያመንኩት ግን ራሴ ደርሼበት አይደለም፤ ተነግሮኝ ነው። ከቀትር በኋላ ነው፤ ልትገለብጠኝ እጆቿን አስገብታለች። ሳትጠይቀኝ ጀመርኩ።

«ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቀው። ወጉ ነው።»

«አልሸሹም ዞር አሉ» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ታውቀዋለህ።»

«አባታችን ቢሆን ኖሮ…»

«አባታችን ቢኖርማ እኔ ኮሌጄን እጨርስ ነበር።» እጆቿ ከሥሬ አልወጡም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሦስት ሽማግሌ አንድ ደቂቃ ስላልቆመልህ ይህን ሁሉ ተቆጣህ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ። እኔን ማን ተቀመጪ አለኝ?»

«እሺ» አለች፤ ገለበጠችኝ። ወደ ግድግዳው ነበር ተራው። ነጠላዋን አንሥታ ገበያ ወጣች።

ሁለት ሰዓት ግድግዳ አየሁ። ተቀምጣ ያየኋት መቼ ነው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ሳጎርሳት… እኔ ምኑን አጎርሳታለሁ፤ ስታጎርሰኝ ማለቴ ነው። አልጋዬ ብሎኬት ላይ የቆመ ነው፤ ስታጎነብስ ወገቧ እንዳይቆረጥ ብለን ነው ከፍ ያደረግነው። ከፍ ስላለ ወንበር ላይ ሆና አትደርስብኝም። ስለዚህ ቆማ ታጎርሰኛለች፤ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለራሷ፣ ቆማ። ስልኳን ቆማ ትይዝልኛለች። በሽተኛው ረጅም አውሪ ከሆነ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየተደገፈች ትቆማለች። ወንበሮቹ የእንግዳ ናቸው። ጓዳ ውስጥ ትቀመጥ ይሆናል፤ እዚህ ክፍል፣ እኔ በማይበት፣ ተቀምጣ የነበረችበትን አንድም ቀን ላስታውስ አልቻልኩም።

ሌላም ነገር ገባኝ። ከክረምት ጀምሮ ልብስ ልታጥብ የምትመጣ አንዲት የመሰላ ሴት አለች፤ ባሏ የሞተባት። እህቴ «እስቲ አግዢኝ» እያለች እኔን መገልበጥ ታስለምዳት ነበር። ሴትዮዋ «እሺ» አትልም፤ «ቢስሚላህ» ብላ ነው የምታነሣኝ። እህቴ ወገቧን አሟት ነው እርዳታ የፈለገችው ብዬ ነበር። ለካ ሽማግሌ ከመምጣቱ አራት ወር በፊት ጀምራ እኔን የሚይዝላትን ሰው ስታዘጋጅ ኖራለች። እኔ ጥላኝ ልትሄድ ነው ብዬ ስፈራ፣ እሷ ሳትጥለኝ የምትሄድበትን ስትፈልግ ነበር። አለቀስኩ። በገዛ እጅ ዕንባ መጥረግ አለመቻል ምን ያህል እንደሚያናድድ አልነግራችሁም።

ሁለት ሰዓቱ ሲሞላ ደረሰች። አንድ ደቂቃ አላሳለፈችም። «እሺ» አለች።

የሴት ወገን ሽማግሌ አይጠራም። ይህም ወግ ነው፤ ልጃችንን ኑና ውሰዱልን ማለት ይሆናል። በማግስቱ እህቴ ወፍጮ ቤት በሄደች ጊዜ መዳፌ ላይ በታሰረው እርሳሴ ስልኳ ላይ ዘመትኩ። ለመደወል ማንም አያጣድፍም፤ ሲሳሳት እየሰረዝኩ፣ እንደገና እየጀመርኩ፣ ላቤ ትራሴን አርሶት የሐጂን ቁጥር ጨረስኩ።

«ሐጂ፣ ባለፈው ያልጨረሳችሁት ወሬ አለ።»

«ወላሂ አለ» አሉ። «እሑድ ቆመን እንመጣለን፣ ልጄ።»

እንዳሉትም ቆመው መጡ። ገብተው ከአልጋዬ ትይዩ ተሰለፉ፤ ሐጂ መሐል፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። ወንበሮቹ ከግድግዳው አልተነቃነቁም። ይህን ነበር የጎመዠሁት። አሁን ሳየው ደስ አላለኝም፤ የሐጂ ቀኝ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ከኩታቸው ሥር ይታየኝ ነበር።

«መጀመሪያ እኔ ልናገር» አሉ ሐጂ። «ባለፈው ጥፋቱ የእኔ ነው። እኛ ክፉ አላሰብንም። አንተ ተኝተሃል። ሦስት ሰው ከበላይህ ቆሞ ቁልቁል ካየህ፣ ይሄ የሬሳ ነገር ነው አልኩ። ሆዴ እንቢ አለኝ። ለዚህ ነው የተቀመጥኩ። አንተን ንቄ አይደለም፤ አላህ ያውቃል።»

ጉድ እኮ ነው! እኔ እንደ ሙሉ ሰው አልቆጠሩኝም ብዬ ስንገበገብ፣ እሳቸው እንደ ሙት እንዳልታይ ብለው ነው የተቀመጡት። ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ፤ አልጠየቅኩም።

መሪጌታ ቀጠሉ። ልጁን አመሰገኑ፣ ቤታችንን አመሰገኑ፣ አባታችንን በስሙ አነሱ። «እንግዲህ እህትህን ለልጃችን ስጠን ብለን ፊትህ ቆመናል» ብለው ጨረሱ። አሁን ተራው የእኔ ነው። እህቴን ጠራኋት።

ይህ ወግ አይደለም። ሲጠየቅ ልጅቱ አትወጣም። መሪጌታ ሳል ሳል አደረጋቸው። እህቴ ከጓዳ መጥታ በሩ ሥር ቆመች፤ እጇ እርጥብ ነው።

«ተቀመጪ» አልኳት።

አልገባትም። አልጋዬን አየች፣ ሰዓቱን አየች፤ መገልበጫዬ ደርሶ እንደሆነ ነው።

«የለም፣ ወንበር አምጪና ተቀመጪ። እዚህ፣ ሳይሽ።»

ሦስት ሽማግሌ ቆሞ እሷ እንዴት ትቀመጥ! ሐጂን አየቻቸው። ሐጂ ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ አሏት። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ በጠርዙ ላይ፣ ልትነሣ እንደተዘጋጀች። ተቀምጣ ሳያት ፊቷ ከእኔ ፊት ትይዩ ሆነ። ፀጉሯ ከግንባሯ በላይ ሸብቷል። ቆማ ሳያት አገጯን ነበር የማውቀው።

«ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ሰምተሻል። ትፈልጊዋለሽ?»

«አዎ» አለች። አላቀረቀረችም።

«እኔስ?»

«የመሰላዋ ሴት ትችልሃለች። ሥራዋን አይቻለሁ።» እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «እኔም እየመጣሁ አይሃለሁ» አለች።

መድከሜን ያኔ አወቅሁት፤ የአንድ ወር አይደለም፣ የአሥራ አንድ ዓመቱ። እሷም ደክሟት እንደኖረች አወቅሁ። ሁለታችንም አንዳችን ሌላውን እንዳናስከፋ ደክሞናል ሳንል ኖርን።

«በሉ እንግዲህ ተቀመጡ» አልኳቸው። «ሐጂ፣ እርስዎ ይቅደሙ፤ በሞቴ።»

ሐጂ ሲቀመጡ ከጉልበታቸው ድምፅ ወጣ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ለነገሩ ይሁን ለጉልበታቸው አላውቅም። መሪጌታ ሊመርቁ እጃቸውን ዘርግተው ገና መጀመራቸው ነው፣ ስልኳ ጮኸች።

እህቴ ብድግ አለች።

«ተቀመጪ።»

«ይቋረጣል እኮ!»

«ይቋረጥ። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። እርሳሴን አነጣጠርኩ። ሳትኩ። ደግሜ ሳትኩ። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ መልሰው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ስልኳ ጮኻ ጮኻ ዝም አለች። አራት ሰው ተቀምጦ ያየኛል። አፈርኩ፤ ፊቴ እሳት ሆነ። እህቴ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛለች።

እንደገና ጮኸች። ክንዴን ደረቴ ላይ ደገፍ አድርጌ፣ ከአንጓዬ ገፋሁ። እርሳሱ ቁልፉ ላይ ቆመ። ገባ።

ከቦኬ ነው። የሴት ድምፅ፣ ሩቅ፣ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል።

«አባ ቢልቢላ፣ ጂርታ?»

እህቴን አየኋት። አልተነሣችም።

«ጂራ» አልኩ።